ከጎን መብራቱ ጀርባ

 

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ምግብ፣ ስለ ቤትና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና፣ ያውም ስለ ነዳጅ መሙያ ላወራችሁ ነው። «ይሄ ሰውዬ ወጡን ትቶ ቤንዚን ውስጥ ምን ከተተው?» እንዳትሉኝ። ትንሽ ታገሱኝ፤ መጨረሻው ያው ስለ ልጆች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ17 ዓመት ልጅ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤታችን ውስጥ ሳህን እያጠበ፣ ጠረጴዛ እየጠረገ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ሄደና አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ መጣ። የ1972 ሼቭሮሌት ነው፤ ሲ 10 ይሉታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔም በዕድሜ ከዚያ መኪና ብዙ አልርቅም፤ ግን ልጄ እኔን እንደዚያ በፍቅር ዓይን አይቶኝ አያውቅም። እናቱ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «ከፍለህ ነው ያመጣኸው ወይስ ከፍለውህ?» አለችው።

እዚህ ቴክሳስ ለምትኖሩ ነገሩ አዲስ አይደለም። ወጣቱ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ሞተሩን ማደስ፣ ቁመቱን ዝቅ ማድረግ፣ ቀለም መቀባት ይወዳል። እኔም «ከመንገድ ላይ ውሎ ይሻላል» ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን እራት ላይ ታዲያ እንዲህ አለኝ፦

«አባዬ፣ የነዳጁን ታንክ ከጋቢናው አውጥቼ ከኋላ ከጭነቱ ሥር ላስረው ነው። መሙያውን ደግሞ ከጎን መብራቱ ጀርባ እደብቀዋለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ነዳጅ እና መብራት። ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ! «አይሆንም! ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ!» አልኩት። እሱም ዝም አለ። እኔም የአባትነት ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ እራቴን ቀጠልኩ።

ልጁ ያሰበው ነገር

አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ኖሮ ሐሳቡ ከቂል ሐሳብ የራቀ እንደሆነ በገባኝ ነበር።

በእነዚያ ፒክአፖች ላይ የነዳጁ ታንክ፣ የአገር ቤት መካኒኮች በጣልያንኛው «ሰርባቶዮ» የሚሉት ማለት ነው፣ ያለው ጋቢና ውስጥ ነው። አዎ፣ ሰው የሚቀመጥበት ጋቢና ውስጥ! ከወንበሩ መደገፊያ ጀርባ ቆሞ 20 ጋሎን ገደማ፣ ማለትም 75 ሊትር ያህል ቤንዚን ይይዛል። የመሙያው አፍ ከሾፌሩ በር ኋላ በጋቢናው ጎን ላይ ወጣ ብሎ ይታያል። ስትነዱ ወገባችሁንና ቤንዚኑን የሚለያቸው የወንበሩ መደገፊያና የታንኩ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጎሚኒው ካረጀ ደግሞ ጋቢናው ሁሌ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ፋብሪካው ራሱ የ1973ቱን አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ታንኩን ከጋቢናው አስወጥቶታል። ስለዚህ ልጄ ሊያደርግ የፈለገው ፋብሪካው ከአንድ ዓመት በኋላ ያደረገውን ነው።

መሙያውን መደበቁስ? እሱም የልጅ ፈጠራ አይደለም። ካዲላክ በ1941 መኪናው ላይ የነዳጅ መሙያውን ከግራው የኋላ መብራት ሥር ደብቆት ነበር፤ መብራቱ ወደ ላይ ሲገለጥ ክዳኑ ይታያል። ሼቭሮሌትም በ1956 ሞዴሉ ከግራው የኋላ መብራት ጀርባ አደረገው፤ በ1957ቱ ደግሞ በግራው የኋላ ክንፍ ጌጥ ውስጥ ከተተው። በዚያ ዘመን ስንቱ ሰው ቤንዚን ማደያ ቆሞ መኪናውን እየዞረ መሙያውን ፈልጎ ይሆን! ምክንያቱ ውበት ነው፤ የመኪናው ጎን ያለ ቀዳዳና ያለ ክዳን ልሙጥ ሆኖ እንዲታይ። መኪና የሚያሳምሩ ሰዎች ይህን «መላጨት» ይሉታል። የበር እጀታውን፣ ጽሑፉን፣ የነዳጅ ክዳኑን ነቅለው ላሜራውን ልክ እንደ ተላጨ ፊት ያለሰልሱታል።

የጎን መብራቱ ደግሞ በጭነቱ ጎን በስተኋላ ያለችው ቀይ መብራት ናት። ከ1968 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ አዳዲስ መኪኖች በጎናቸው መብራት ወይም አንጸባራቂ እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ከፊት ብርቱካናማ፣ ከኋላ ቀይ። ማታ መንገድ ስታቋርጡ ከጎን የሚመጣው ሾፌር እንዲያያችሁ ነው። ስለዚህ መብራቷ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ከጀርባዋ ምንም ነገር ቢደበቅ እሷ መብራት አለባት።

ይህን ሁሉ ልጄ ያውቅ ነበር። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ያላወቅኩትን ነገር ነው «አይሆንም» ያልኩት።

ያች ማታ

ጥር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ምግብ ቤት በርበሬ አልቆብን ከቤት ልወስድ መጣሁ። ከማድ ቤት ወደ ጋራዡ የሚያስወጣውን በር ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ።

ልጄና ጓደኛው መሬት ላይ ተንበርክከው፣ በቀጭን ቱቦ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ከምግብ ቤቱ በተወሰደ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ እየቀዱ ነው። ባልዲው ክዳን የለውም። ወለሉ ላይ ፈሷል። ብርድ ስለሆነ፣ ደግሞም እንዳይታዩ፣ የጋራዡ ትልቁ በር ተዘግቷል። ጥግ ላይ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር አለ፤ ከውስጡ እኛ ምግብ ቤት ፓይለት የምንላት፣ ሁልጊዜ የምትበራው ትንሽ ነበልባል ቦግ ብላ ትታያለች።

ቱቦውን ያስጀመሩት በአፋቸው ስበው ነው። ይህን ከየት ተማሩት? ከእኔ! ልጅ ሳለሁ አገር ቤት ነዳጅ ሲጠፋ እንዴት በአፋችን እየሳብን ከመኪና ወደ ጀሪካን እንቀዳ እንደነበር ስንት ጊዜ በኩራት እየሳቅኩ አውርቼለታለሁ። የኔ ጀብዱ እሱ ዘንድ ትምህርት ሆኖ ቆየ።

እጄ ወዲያው ግድግዳው ላይ ወዳለው የጋራዥ በር መክፈቻ ሄደ። ልጫነው ስል አንድ ነገር ያዘኝ። በምግብ ቤት ሥራ ከተማርኩት ሁሉ የማይረሳኝ ነገር «ጋዝ ሲሸት ማብሪያ ማጥፊያ አትንካ» የሚለው ነው። የበሩ ሞተር ኤሌክትሪክ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። እጄን መለስኩና በቀስታ፣ እኔ ራሴ በማላውቀው ድምፅ፣ «ሁሉንም እንዳለ ተዉት። ምንም ነገር አትንኩ። በጎን በር ውጡ» አልኳቸው። እናቱንና ትንሿን እህቱን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግረን ጎረቤት ደጅ ቆመን ነው 911 የደወልኩት።

እሳት አጥፊዎቹ መጥተው ጋዙን ዘጉ፣ አየሩን በመሣሪያ እየለኩ ቤቱን አናፈሱ፣ ቤንዚኑን አነሱ። ሲጨርሱ አንደኛው፣ ዕድሜው የገፋ ሰውዬ፣ እኔንና ልጄን ጠርቶ ቦይለሩን አሳየን። «ይሄን መድረክ ታያላችሁ?» አለን። ቦይለሩ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ነው ያለው። «የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ያለ ነበልባል ከወለሉ 18 ኢንች ከፍ እንዲል ደንብ የወጣው። ዛሬ ያተረፋችሁ ይሄ ነው።»

18 ኢንች ማለት ግማሽ ሜትር አትሞላም። ለካስ እኔ ያን መድረክ «ቦታ ያዘብኝ» እያልኩ፣ አፍርሼ የሽንኩርት ጆንያ ላስቀምጥበት ነበር።

ማታ ቤቱ ሲረጋጋ ልጄን «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባዬ። አይሆንም አልከኝ።»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም።

የጋሼ ትምህርት

ለምግብ ቤታችን ደንበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን በመካኒክነት፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚህ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሆነውን ስነግራቸው ይቆጡልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቡናቸውን አስቀመጡና «ስማ ልጄ» አሉኝ፤ እኔን በሃምሳዎቹ ያለሁትን! «ልጁ ያሰበው ደህና ነገር ነው። የጎደለው አሠራሩ ነው። ሥራ ደግሞ ተከልክሎ የተማረ ሰው አላየሁም። አምጣው።»

ከዚያ በኋላ ለተከታታይ እሁዶች ሥራው በእሳቸው መሪነት ውጭ፣ በደጃችን ላይ ሆነ። እኔ ካቻቪቴ አቀባይ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ፤ መኪና ባትነኩም ቤንዚን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።

ገና ሥራ ሳይጀመር ጋሼ ሦስት ሕግ አወጡ። ባትሪው ይፈታ፤ ሥራው አየር ባለበት ውጭ ይሁን፤ ታንክ አጠገብ ብየዳም ሆነ መቁረጫ ድርሽ አይበል። «ባዶው ታንክ ነው የሚያስፈራው» አሉት ልጄን። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። ባዶ የሚመስል ታንክ ደግሞ ሆዱ ተን ብቻ ነው። ይህ ተን እንኳን በቴክሳስ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይም ሊቀጣጠል ይችላል። የነበረውን የነዳጅ ጠረን «ታጥቧል» ብለው በአሮጌ ታንክ ላይ ብየዳ የሞከሩ ስንት ሰዎች ተጎድተዋል። እኛም የላሜራውን ብየዳ ያሠራነው ታንኩ ከመታሰሩ በፊት፣ ጭነቱ ተነቅሎ፣ ባለሙያ ጋራዥ ወስደን ነው።

ቀጥሎ የታንኩ ቦታ። ጋሼ አንድ ታሪክ ነገሩት። ፋብሪካው በ1973ቱ ሞዴል ታንኩን ከጋቢናው ሲያወጣ ከሻንሲው ውጭ፣ በመኪናው ጎን ነበር ያደረገው። ከጎን ሲገጩ የሚነሳው እሳት ለብዙ ዓመታት ክርክር አስነሳ፤ የመንግሥት ምርመራ ተደርጎበት በ1994 በስምምነት ተዘጋ። በ1988ቱ አዲስ ሞዴል ላይ ታንኩ በሻንሲው ብረቶች መካከል ገባ። «ስለዚህ አንተም ሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል እሰረው፤ ከግራና ከቀኝ አጥር ይሁኑት» አሉት። እንዲህም ሆነ፤ አዲስ ታንክ ተገዝቶ ከጭነቱ ሥር፣ ከኋላው ጎማ አክስል በስተኋላ ታሰረ።

ከዚያ ቱቦው። ከመብራቱ ጀርባ እስከ ታንኩ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ከላይ እስከ ታች ቁልቁል መውረድ አለበት። መሐል ላይ ሆዱ ከረገበ ቤንዚን እዚያ ይተኛል፤ ሲቀዳም ወደ ላይ ተመልሶ ይረጫል። ቱቦው ደግሞ ለነዳጅ መሙያ ተብሎ የተሠራ፣ ይኸው በላዩ የተጻፈበት መሆን አለበት። የውሃ ጎማ ብትገጥሙለት ቤንዚኑ ቀስ እያለ ይበላዋል። ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ይራቅ፤ ጎማው ጠጠር እንዳይወረውርበትም መከለያ ይደረግለት።

አሁን ልጆች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጠላ ወይም ውሃ ከእንስራ ሲቀዳ ለምን ጉልግል ጉልግል ይላል? ፈሳሹ ሲወጣ አየር መግባት ስላለበት ነው። በአንድ አፍ ሁለቱ ስለሚጋፉ ይንገጫገጫል። ነዳጅ ታንክ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቤንዚን ሲገባ ውስጥ ያለው አየር መውጣት አለበት። ስለዚህ ከወፍራሙ ቱቦ ጎን ለጎን ሌላ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ከታንኩ አናት እስከ መሙያው አፍ ይወጣል። ቤንዚን ማደያ ላይ ያለው መቅጃ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ቤንዚን ከደረሰባት «ጠቅ» ብሎ ይቆማል። አየሩ መውጫ ካጣ ቤንዚኑ አፍ ላይ ስለሚቆም፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ መቅጃው «ሞልቷል» ይላል።

የኤሌክትሪኩን ነገር ጋሼ ለመጨረሻ አቆዩት። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር፤ ፍርሃቴም ያለ ምክንያት አልነበረም። መብራቷ ትንሽ ስለሆነች ልጄ በዙሪያዋ ያለውን ላሜራ እንደ ትንሽ በር አድርጎ አስቆርጦ፣ መብራቷን በሩ ላይ ገጠማት። በሩ ሲከፈት ክዳኑ ይታያል። አምፖሏን በታሸገ፣ ብዙ በማይሞቅ ኤልኢዲ ቀየራት። የሽቦ መጋጠሚያ ክዳኑ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይኖር ተደረገ፤ ሽቦው በራሱ ጎሚኒ ተሸፍኖ በሌላ በኩል ያልፋል፣ የራሱ ፊውዝም አለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እየታጠፈ እንዳይበጠስ ትርፍ ርዝመት ተተወለት። ጉድጓዱ ራሱ ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን ሆኖ፣ ድንገት ቤንዚን ቢፈስ ወደ ሽቦው ሳይሄድ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መሬት ይወርዳል።

በመጨረሻም አንዲት ቀጭን ሽቦ ከመሙያው አፍ ብረት ወደ ሻንሲው ታሰረች። ልጄ «መብራቱ የራሱ ሽቦ አለው፤ ይቺ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «በክረምት ሹራብ ስታወልቅ ጸጉርህ የሚንጣጣው ነገር እሱም ኤሌክትሪክ ነው» አሉት። የመሙያው አፍ ብረት በጎማ ቱቦ ላይ ብቻውን ከተንጠለጠለ ያ ኤሌክትሪክ መሄጃ ያጣና ይጠራቀምበታል። ከሻንሲው ጋር ሲገናኝ ግን ሳይጠራቀም ያልፋል።

እኔ እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። «ቤንዚንና መብራት አንድ ላይ አይሆንም» ያልኩት ሰውዬ ትክክል ነበርኩ፤ ግን ትክክል መሆኔ ልጄን አላዳነውም። ያዳነው ሌላ ሰው ያቆመው የእንጨት መድረክ ነው። ለምን እንደማይሆን፣ እንዴት ቢሆን ደግሞ እንደሚሆን የነገረው ጋሼ ናቸው። ፍርሃታችንን ለልጅ ስንሰጠው ይደብቀዋል። ምክንያቱን ስንሰጠው ግን ይዞት ይሠራል።

የመጀመሪያው ሙሊት

ሥራው አልቆ ቤንዚን ማደያ ስንሄድ ጋሼም አብረውን መጡ። ልጄ ቀይዋን መብራት ሲጎትታት ከጎናችን የሚቀዳ ሰው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ቀረበ። ልጄ ከደስታው ብዛት ሊበር ደረሰ። መቅጃውን ከተተ፤ ሁለት ጋሎን ሳይሞላ «ጠቅ» ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ «ጠቅ»። እንደገና፤ «ጠቅ»።

እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። ልጄ መቅጃውን መልሶ ሰቀለና ከመኪናው ሥር ተጋደመ። ትንሽ ቆይቶ «አየሩ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። የመተንፈሻው ቱቦ ከአንድ ብረት ላይ ታጥፎ ታንቆ ነበር። ቤት ወስዶ፣ በማግስቱ ውጭ ሆኖ፣ ቱቦውን አዙሮ አሰረው። ሁለተኛ ስንሄድ መቅጃው እስኪሞላ አላቆመም። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ብቻ ተቀድቶ፣ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ፣ መጋጠሚያው ሁሉ እንዳያንጠባጥብ አንድ በአንድ ታይቷል። ይህንንም ያደረገው ልጄ ራሱ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ለእያንዳንዳችን ቤት

አሮጌ ፒክአፕ የሌላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቤንዚን የሌለበት ቤት ግን ጥቂት ነው፤ ሣር ማጨጃ አለ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር አለ። ስለዚህ እነዚህን ቆርጣችሁ ጋራዡ በር ላይ ለጥፏቸው።

ቤንዚን ለቤንዚን በተሠራ ቀይ ጀሪካን እንጂ በባልዲ፣ በውሃ ጠርሙስ ወይም በወተት ዕቃ አይቀመጥም። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ጀሪካን ስትሞሉ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉ። ፒክአፕ ጭነት ላይ፣ በተለይ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ላይ እንዳለ አትሙሉት። ቅድም ያልኳችሁ የሹራቡ ኤሌክትሪክ እዚያ ይጠራቀማል።

ማደያ ላይ መቅጃውን ከተከላችሁ በኋላ መኪና ውስጥ ገብታችሁ አትውጡ። ወንበሩ ላይ ስትንሸራተቱ ያንኑ ኤሌክትሪክ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ብርድ ከሆነና ከገባችሁ፣ ወደ መቅጃው ከመመለሳችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ የመኪናውን ብረት በእጃችሁ ንኩ።

ቤንዚን በአፍ አይሳብም። ወደ ሳንባ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታድርጉት። አሜሪካ ለምትኖሩ የመርዝ መረጃ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። መተንፈስ ካስቸገረው ግን ወዲያው 911።

ጋራዥ ውስጥ በነበልባል የሚሠራ ቦይለር ካላችሁ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ እዩት። ከፍ ብሎ ነው ያለው? አጠገቡስ ምን አለ? መድረኩን ደግሞ እንደኔ ለሽንኩርት አትመኙት።

የእሳት ማጥፊያ ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን ፊደል አንብቡ። ለቤንዚን «ቢ» የሚል ሊኖረው ይገባል፤ ለቤት የሚሸጠው «ኤ-ቢ-ሲ» ይሆናል። ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የምታዩት «ኬ» ለመጥበሻ ዘይት ነው። ቤንዚን ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

ልጆች፣ ለእናንተም አንድ ጨዋታ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ስትገቡ ከነዳጅ መለኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ የማደያ ሥዕል ፈልጓት። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ከጎኗ ቀስት አለች፤ ቀስቷ የምታመለክተው የነዳጅ መሙያው ያለበትን ጎን ነው። አባታችሁ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። የእኔ ልጅ መኪና ላይ ግን ቀስት የለችም፤ እሱን ለማግኘት ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተ ያለኝ ቃል አጭር ናት። ልጃችሁ እራት ላይ የማይገባችሁን ነገር ሲነግራችሁ፣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት «እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ከሰማችሁ በኋላ አይሆንም ማለት ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ማለት አለባችሁ። እኛ የማናውቀው ከሆነ ደግሞ የሚያውቅ ጋሼ በየሰፈሩ አለ። ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት ምግብ ቤቱን ዘግተን ማታ ስንመለስ ልጄ በፒክአፑ ከፊቴ ይነዳ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲዞር ጎኑ ታየኝ፤ ቀይዋ መብራት በርታለች። እዚያው ዓይኔን ጥዬ እስከ ቤት ተከተልኩት።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ደህና ሰንብቱ።